ሜንዴሌቭና የጎደለችው ሦስት ሚሊ ሊትር

ባለፈው ሰሞን በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሆነውን ያላያችሁ ካላችሁ እንንገራችሁ። ለየቡድኑ 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር አልኮል ተሰጠ። ሥራው ሁለቱን በአንድ ሲሊንደር ቀላቅሎ ይዘቱን ማንበብ ብቻ ነበር። ድብልቁ ትንሽ ሞቅ አለ፤ ሲበርድ ሲሊንደሩ ላይ የተነበበው ግን 100 ሳይሆን 97 አካባቢ ሆነ። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ተሰብስቦ ሲታይ ከግማሽ የሚበልጠው ቡድን 100 ብሎ ጽፎ ተገኘ። ሃምሳና ሃምሳ መቶ መሆኑን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ከሚያምን ሒሳቡን ቢያምን ምን ይገርማል! እኛም የዚህ ገጽ አዘጋጆች መቶ ብለው ከጻፉት መካከል ነን፤ መደባበቅ አያስፈልግም።

ታዲያ ያችኑ የጎደለች ሦስት ሚሊ ሊትር ይዞ ዓመት ሙሉ ሲመዝን ከርሞ በእርሷ የዶክትሬት ማዕረግ የተቀበለ ሰው አለ። ሩቅ ፍለጋ አንሂድ፤ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ዘወትር የምናየውን የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ያወጣው ዲሚትሪ ኢቫኖቪች ሜንዴሌቭ ነው። በሠንጠረዡ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንደ እኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ እንደነበረ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜንዴሌቭ በ1834 ዓ.ም. በሳይቤሪያ ውስጥ ቶቦልስክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ብዙ ልጆች ካፈራ ቤት የመጨረሻው ልጅ ነው። አባቱ ኢቫን የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር። ልጁ በተወለደበት ዓመት ግን ዓይኑ ታወረና ከሥራው ወጣ። ያን ሁሉ ልጅ የማሳደጉ ሸክም በእናቲቱ በማሪያ ላይ ወደቀ። እርሷም ከወገኖቿ የቆየውን አነስተኛ የብርጭቆ ፋብሪካ ተረክባ ማሠራት ጀመረች። ልጅየው አሸዋና አመድ በእሳት ቀልጦ ብርጭቆ ሲሆን እያየ አደገ። በ1847 አባቱ ሞተ። በተከታዩ ዓመት ፋብሪካው ተቃጠለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። ማሪያ ግን የቀራትን ጥሪት ሰብስባ ትንሹን ልጇንና አንዲት ልጇን ይዛ በ1849 ከሳይቤሪያ ተነሣች። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጣ ሞስኮ ስትደርስ ልጁ ከሌላ የትምህርት አውራጃ የመጣ ነው ተብሎ ዩኒቨርሲቲው አልቀበልም አለ። እንደገና ጓዟን ጠቅልላ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደች። እዚያም በ1850 አባቱ በተማረበት በዋናው የፔዳጎጂ ኢንስቲትዩት በመንግሥት ወጪ እንዲማር ተፈቀደለት። እናቲቱ ልጇን እዚያ ካስገባች በኋላ በዚያው ዓመት ሞተች። ሥራዋን ጨርሳ የሄደች ይመስላል። ልጅዋ ኋላ በ1887 ስለ መሟሟት የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ለእርሷ መታሰቢያ ማድረጉን እዚህ ላይ እንጠቁም።

ኢንስቲትዩቱ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚያወጣ ነበር። ጎረምሳው ሜንዴሌቭ ደም እስከ መትፋት ድረስ ይታመም ስለነበር አዘውትሮ በሕሙማን ክፍል ይተኛ ነበር። እዚያም ተኝቶ ያነባል። በ1855 በወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ። የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ስለተባለ ሞቃት ወደሆነው ወደ ደቡብ እንዲመደብ ተወሰነ። ምደባው ግን ወደ ክራይሚያ፣ ወደ ሲምፈሮፖል ሆኖ አረፈው። በዚያን ጊዜ ክራይሚያ የጦርነት አውድማ ናት፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ አገኘው። ምደባ ደርሶት ትምህርት ቤቱን ያጣ አዲስ መምህር በዓለም ላይ እርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚገባው ይገባዋል! በኋላ ወደ ኦዴሳ ተዛውሮ አስተማረ። በሽታው እንደተፈራው ሳይሆን ቀረ። በ1856 ወደ ፒተርስበርግ ተመልሶ የማስተርስ ጽሑፉን አቀረበ። ከ1859 እስከ 1861 ድረስ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ቆየ። እዚያም በኪራይ ቤቱ የራሱን ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ስለ ፈሳሾች ባሕርይ ሲመራመር ከረመ። በ1860 በካርልስሩኸ ከተማ የተደረገውን የኬሚስቶች ጉባኤ ተካፈለ። ጣሊያናዊው ካኒዛሮ የአቶም ክብደትን እንዴት ማስላት እንደሚገባ በዚያ ጉባኤ ያስረዳው ነገር ከአእምሮው አልወጣም። ይህ ነገር በኋላ ይጠቅመናልና ያዙልን።

አሁን ወደ ሦስቷ ሚሊ ሊትር እንመለስ።

ሜንዴሌቭ በ1865 ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት ርእሱ አልኮል ከውሃ ጋር ስለመዋሐዱ ነበር። ሁለቱ ሲደባለቁ ይዘታቸው እንደሚቀንስ ከእርሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። እርሱ የፈለገው በየትኛው መጠን ሲደባለቁ ነው ቅነሳው ከሁሉ የሚበልጠው የሚለውን ነው። ይህን ለማወቅ የድብልቁን እፍግታ፣ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን ክብደት፣ ከፍተኛ ጥንቃቄ በተሞላበት ሁኔታ መለካት ያስፈልጋል። የሙቀት መጠኑ በአንድ ዲግሪ ከተለዋወጠ ቁጥሩ ይበላሻል። ስለዚህ ከ0 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል በተለያየ የሙቀት መጠን እየደጋገመ መዘነ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበር። ይኸውም ንጹሕ አልኮል ከየት ይገኛል? ያላወቁት ውሃ ያለበትን አልኮል ይዞ የውሃን መጠን ማጥናት ራስን ማታለል ነው። አልኮልን እያፈሉ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ፣ ማለት በማጣራት፣ የቱንም ያህል ቢደጋግሙት ከመቶ 96 እጅ ገደማ ከደረሰ በኋላ አይጠራም። እዚያ ላይ ውሃውም አልኮሉም አብረው ይተናሉና። የቀረችውን ውሃ የሚያወጣው ማን ነው? ኖራ ነው! ይህ ሁላችንም የምናውቀው፣ ቤት የሚቀባበት፣ በእሳት የተቃጠለና ገና ውሃ ያልነካው ኖራ፣ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው። 56 ግራም ኖራ 18 ግራም ውሃ ይይዝና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ሜንዴሌቭም አልኮሉን በኖራ ላይ አቆይቶ እያጣራ ውሃ የሌለው አልኮል አገኘ። በ20 ዲግሪ እፍግታው 0.7894 መሆኑን አስላ። ዛሬ በመጻሕፍት የምናገኘው 0.7893 ነው። ልዩነቱ ከዐሥር ሺህ አንድ ነው፤ ይህ ደግሞ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት፣ በእጅ በሚነካ ሚዛንና በመስተዋት ጠርሙስ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ኖራው ውሃውን ሲይዝ ራሱ አልኮሉ ውስጥ ሟሙቶ አያቆሽሸውም ወይ? መልሱን ከመጽሐፍ ከመገልበጥ በቤተ ሙከራችን መለካት እንችላለን፤ ዕቃውም አለን። ኖራ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንኳ በደንብ አይሟሟም። በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 1.7 ግራም ያህል ነው። የሚገርመው ደግሞ ውሃው ሲፈላ የሚሟሟው ወደ 0.7 ግራም ዝቅ ይላል፤ እንደ ስኳርና እንደ ብዙዎቹ ጨዎች ሙቀት አይጨምረውም። አልኮል ሲጨመርበትማ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄድና በንጹሕ አልኮል ውስጥ ከምንም አይቆጠርም። ምክንያቱም ውሃ የኖራውን ቅንጣቶች፣ ማለት ኤሌክትሪክ የተሸከሙትን አዮኖች፣ ከብቦ ለያይቶ የመያዝ ኃይል አለው፤ አልኮል ግን ይህ ኃይሉ ደካማ ነው። ስለዚህ ኖራው ውሃውን ይዞ በጠርሙሱ ሥር ይቀመጣል፤ አልኮሉ ብቻውን ይተናል። የሜንዴሌቭ ዘዴ የቆመው በዚህች የመሟሟት ልዩነት ላይ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በአምስት ጠርሙስ ውስጥ ውሃና አልኮልን በተለያየ መጠን ቀላቅሉ፤ ለምሳሌ አልኮሉ ከመቶ 0፣ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ይሁን። በየጠርሙሱ የተረፈ ኖራ ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቃችሁ እየወዘወዛችሁ አሳድሩት። ክዳኑ ነገር አለው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከገባበት የኖራው ውሃ ነጭ ደፍርሶ ልፋታችሁ ገደል ይገባል። በማግስቱ ከላይ የጠራውን በወረቀት አጥልላችሁ 20 ሚሊ ሊትር በፒፔት ውሰዱና ፌኖልፍታሊን ጠብ አድርጋችሁ ሐምራዊው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከቡሬት አንጠባጥቡ። ለንጹሕ ውሃው 9.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ አሲድ መፍጀት አለበት። ሌሎቹ እያነሱ ይሄዳሉ፤ በስንት እንደሚያንሱ ሆን ብለን አንጽፍም። አልኮሉ እሳት አጠገብ እንዳይደርስ፤ ኖራውም ዓይን ያጠፋልና መነጽር ይደረግ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ሜንዴሌቭ ያን ሁሉ ከመዘነ በኋላ ቅነሳው ከሁሉ የሚበልጠው ከድብልቁ ክብደት አልኮሉ ከመቶ 46 ሲሆን ነው ብሎ ደመደመ። እስቲ እናስላው። የአልኮል የሞለኪውል ክብደት 46 ነው። የሦስት ውሃ ደግሞ ሦስት ጊዜ 18፣ ማለት 54 ነው። ድምሩ ልክ 100 ይመጣል! ስለዚህ አንድ አልኮልና ሦስት ውሃ ተያይዘው አንድ ውሁድ ይሠራሉ ብሎ አመነ። መሟሟት ማለት መደባለቅ ብቻ ሳይሆን ኬሚካላዊ መያያዝም ጭምር ነው የሚለው አስተሳሰቡ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ረገድ ሁሉም ነገር አልሠመረለትም። እንዲያ ያለ ቁርጥ ያለ ውሁድ በድብልቁ ውስጥ እንደሌለ ዛሬ ይታወቃል። የውሃና የአልኮል ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ፣ ይለቃቃሉ፤ መጠናቸውም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ክፍተት ይገባል። አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ጣሳ ጤፍ ቢቀላቀል ሁለት ጣሳ እንደማይሞላ ያለ ነገር ነው፤ ምሳሌው የመያያዙን ነገር ባያሳይም ለተማሪ ግን ይረዳል። በ1887 ስዊድናዊው አሬኒየስ ጨዎች ውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች ይከፋፈላሉ የሚለውን ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርብም ሜንዴሌቭ አጥብቆ ተቃወመ። የተረታው እርሱ ነበር። ግን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል ነው እንላለን፤ አዮኖቹን ውሃ እንደሚከባቸውና እንደሚይዛቸው በኋላ ተረጋግጧልና። ትርጓሜው እንዲህ ሲያረጅ የመዘናቸው ቁጥሮች ግን አላረጁም። የአልኮል መጠን መለኪያ ሠንጠረዦች ሲዘጋጁ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት እነርሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ ሜንዴሌቭ የሩሲያን ቮድካ 40 እጅ እንዲሆን የወሰነ ሰው ነው የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል። በየአረቄ ቤቱ ሲነገር ያምራል፤ ነገር ግን ውሸት ነው። የ40 እጁ ደንብ የወጣው በ1843፣ ልጁ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሳለ ነው።

በ1867 የፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ለተማሪዎቹ የሚሆን መጽሐፍ ቢፈልግ አጣና ራሱ መጻፍ ጀመረ። የታወቀው ሠንጠረዥ የተወለደው ከዚሁ የማስተማር ጣጣ ነው። በዚያን ጊዜ ስልሳ ሦስት ንጥረ ነገሮች ይታወቃሉ፤ ከየትኛው ምዕራፍ ቀጥሎ የትኛው ይምጣ? የትምህርት ዕቅድ አውጥቶ የማያውቅ ሰው ይህን ጭንቀት አያውቀውም። በየካቲት ወር 1869 አይብ የሚሠሩ ማኅበራትን ለመጎብኘት ወደ ገጠር ሊነሣ ባለበት ቀን ንጥረ ነገሮቹን በአቶም ክብደታቸው ተራ ደርድሮ ባሕርያቸው በየተወሰነ ርቀት ተመልሶ እንደሚመጣ አየ። ካኒዛሮ ያስተማረው የአቶም ክብደት እዚህ ላይ ዋጋውን ከፈለ። ጽሑፉን በሩሲያ ኬሚስቶች ማኅበር ፊት ያነበበለት ባልደረባው ሜንሹትኪን ነው።

ተመሳሳይ ድርደራ የሞከሩ ሌሎችም ነበሩ። የሜንዴሌቭን የሚለየው ከተለኩት ቁጥሮች ጋር ያደረገው ክርክር ነው። ኢንዲየምን እንውሰድ። 37.8 ግራም ኢንዲየም ከ8 ግራም ኦክስጅን ጋር እንደሚዋሐድ ተለክቷል። ኦክሳይዱ አንድ ለአንድ ነው ከተባለ የአቶም ክብደቱ የ37.8 እጥፍ፣ ማለት 75.6 ይሆናል። በዚያ ሥፍራ ደግሞ በአርሰኒክና በሴሌኒየም መካከል ባዶ ቦታ የለም። ኦክሳይዱ ሁለት ኢንዲየም ለሦስት ኦክስጅን ነው ብንልስ? ሦስት ጊዜ 37.8፣ ማለት 113.4 ይመጣና በካድሚየምና በቆርቆሮ መካከል ልክ ይገባል። ቡንዘን የኢንዲየምን ሙቀት የመያዝ አቅም ሲለካ ይኸው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሜንዴሌቭ 37.8ን አልነካም። ሚዛን የሰጠውን ቁጥር ትቶ ያረመው ሰዎች በቁጥሩ ላይ የጨመሩትን ግምት ነው። በቤሪሊየም ኦክሳይድና በዩራኒየም ላይም እንዲሁ አድርጓል።

አንድ ጊዜ ግን የተለካውንም ቁጥር ተጠራጠረ። በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ወደፊት የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን ባሕርይ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። በ1875 ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ጋልየምን አገኘና እፍግታውን ለካ፤ 4.7 ሆነ። በሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ ያንን ብረት በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሜንዴሌቭ 5.9 ገደማ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ድፍረቱን አያችሁ? ለኮክም ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ይልቅ ብረቱን እንደገና አጥርቶ ለካው፤ 5.9 ሆነ። ከዚያ በ1879 ስካንዲየም፣ በ1886 ጀርማኒየም ተከተሉ። የጀርማኒየም ኦክሳይድ እፍግታ 4.7 ይሆናል ብሎ የጻፈው በዊንክለር ሚዛን 4.7 ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ እኛም 97ን ትተን 100 ስንጽፍ ንድፈ ሐሳብን ማመናችን ነበርና ከሜንዴሌቭ በምን እንለያለን? ይህ ጥያቄ በዝግጅት ክፍላችን ውስጥ ብዙ አከራክሮን ነበር። የተስማማንበት ይህ ነው፦ እርሱ የለኮክን 4.7 አልፋቀም፣ ድጋሚ ይለካ አለ እንጂ። እኛ ግን 97ን ሳንጽፈው አጠፋነው፤ ድጋሚ ሊለካው የሚችል ሰው ምልክቱን እንኳ አያገኝም። ሜንዴሌቭም ቢሆን በሁሉ ነገር ትክክል አልነበረም። በ1890ዎቹ አርጎን ሲገኝና የአቶም ክብደቱ 40 አካባቢ ሲሆን ቦታ ስላጣለት ሦስት አቶም ያለው ናይትሮጅን ይሆናል ብሎ ገመተ። ለዓመታት ከተጠራጠረ በኋላ ለነዚህ ጋዞች አዲስ ዓምድ መጨመሩን ተቀበለ።

በ1887 የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት በባሉን ብቻውን ወደ ሰማይ የወጣበት ታሪክም አለ። ባሉኑ በዝናብ ርሶ ሁለት ሰው አልሸከም ሲል አብራሪውን አስወርዶ ማብረር ሳያውቅ ተነሣ፤ በደኅናም ወረደ። በ1880 የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ አባል እንዳይሆን በድምፅ ተከለከለ። በ1890 የተማሪዎችን አቤቱታ ተቀብሎ ለትምህርት ሚኒስትሩ ቢያደርስ አቤቱታው ተመለሰለት፤ እርሱም ከዩኒቨርሲቲው በፈቃዱ ወጣ። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበር፤ ሠንጠረዡ በዓለም ሁሉ እየተሰቀለ እርሱ ማስተማሪያ ክፍል አጣ።

የቀረውን ዕድሜውን የሰጠው ለሚዛን ነው። በ1892 የሚዛንና የመስፈሪያ ናሙናዎች በሚጠበቁበት ቤት ተሾመ፤ በተከታዩ ዓመት ያ ቤት ዋና የሚዛንና የመስፈሪያ መሥሪያ ቤት ሆነ፣ ኃላፊውም እርሱ ነበር። የሩሲያ መለኪያዎች ከሌላው ዓለም ጋር በትክክል እንዲነጻጸሩ አደረገ። ሜትርና ኪሎ ግራም በፈቃደኝነት እንዲሠራባቸው የፈቀደው የ1899 ሕግም በእርሱ ጥረት የወጣ ነው። ነጋዴው ገበያ ላይ የሚመዝንበት ብረት ልክ ይሁን አይሁን ለማወቅ ከኬሚስትሪ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብሎ ያምን ነበር።

በ1906 የኖቤል ሽልማት ለጥቂት አመለጠው፤ ለፈረንሳዊው ሞይሳን ተሰጠ። በየካቲት 2 ቀን 1907 በሳንባ ምች ሞተ። ሲቀበር ተማሪዎች ከቀብሩ ፊት ሠንጠረዡን ይዘው እንደሄዱ ይነገራል። በ1955 በአሜሪካ ለተሠራው 101ኛው ንጥረ ነገር ሜንዴሌቪየም የሚል ስም ተሰጠው።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር አምስት ረድፍ ያለው ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። ሙከራውን የሠራ ቡድን ለየጠርሙሱ የፈጀውን አሲድ በሚሊ ሊትር ይሙላ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ 9.3 ያልመጣለትም ያገኘውን ይጻፍ፤ ክዳኑ ክፍት አድሮ እንደሆነም አብሮ ይጻፍልን።